ወንድሜ ታከር ላይ ሱቅ ሲከፍት

ከአሜሪካ ከተመለስኩ ወዲህ ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ ስለ ፎቁ ነው። ፎቁን ከሩቅ አይቼዋለሁ፤ በመኪና ስናልፍ፣ ያውም በዝናብ። አትላንታ የቆየሁት አሥራ አምስት ቀን ሲሆን አብዛኛውን ያሳለፍኩት በመሥሪያ ቤት ወንበር ላይና ቀደም ሲል ዓሣ ይሸጥባት በነበረች አንዲት ጠባብ ሱቅ ውስጥ ነው። የምጽፈው ያየሁትን ብቻ ነው። እዚያ ልጅ ወይም ወንድም ያላችሁ፣ እናንተ ግን መሄድ የማይሆንላችሁ ሰዎች ምናልባት አንድ ነገር ታገኙበት ይሆናል።

እኔ ዘነበች እባላለሁ፤ የናዝሬት ሰው ነኝ። ሥራዬ ስፌት ነው። መጀመሪያ በግሌ፣ በኋላም በማኅበር ተደራጅተን የተማሪና የሠራተኛ ልብስ ስሰፋ ሃያ አምስት ዓመት ሆነኝ። መስፍን የእናታችን የመጨረሻ ልጅ ነው። እናታችን ስትሞት ሰባት ዓመቱ ነበር፤ ያሳደግሁት እኔ ነኝ፤ ስፌትም ያስተማርኩት እኔው ነኝ። ጎበዝ እጅ ነበረው። በሱዳን በኩል ወጥቶ አትላንታ ከገባ አራተኛ ዓመቱ ላይ፣ «እትዬ፣ የራሴን የስፌት ሱቅ ልከፍት ነው፤ መጥተሽ መርቀሽ ክፈቺልኝ» ብሎ ጻፈልኝ።

የመውጫ ቪዛ ለማግኘት አንድ ሙሉ ክረምት ደጅ ጠናሁ። በመጨረሻ ለቤተሰብ ጥየቃ ተብሎ ተፈቀደልኝ፤ ግን ዋስ ጥሪ ተባልኩ። ዘመድ ሁሉ ሰበብ ሲያበዛ፣ የማኅበራችን ልብስ ቆራጭ ግርማ ሥራውን አቋርጦ መጣና ፈረመ። እኔ ካልተመለስኩ የሚጠየቀው እሱ ነው። የአምስት ልጆች አባት ነው። ከቢሮው ስንወጣ ያለኝ ነገር ቢኖር፣ «በይ በሰላም ግቢ» ብቻ ነው።

ቅዳሜ

ሐሙስ ማታ ተነሥቼ፣ ሮም ላይ ውዬ፣ ኒው ዮርክ አየር ማረፊያ ወንበር ላይ አድሬ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ አትላንታ ደረስኩ። ሻንጣዬ ግን አልደረሰም። መስፍን መጥቶ አቀፈኝ፤ በአንድ እጁ ነው ያቀፈኝ። ቀኝ እጁ ከጃኬቱ ኪስ አልወጣም። ወፍሯል፤ ፊቱ ግን የሰለቸው ሰው ፊት ሆኗል። ለጠፋው ሻንጣ ፎርም ሙላ ሲሉት በግራ እጁ፣ እንደ አንደኛ ክፍል ተማሪ እየተንጋደደ ጻፈ።

«መቼ ነው ግራኝ የሆንከው?» አልኩት።

«ምን እትዬ፣ እዚህ አገር ሁሉ ነገር ግራ ነው» አለና ሳቀ። እኔም አብሬው ሳቅሁ።

ከአየር ማረፊያው እስከ ሰፈሩ አንድ ሰዓት ያህል ነዳን። በመንገዱ ዳር አንድም እግረኛ አላየሁም። የኛ አገር መንገድ ሰውም፣ ጋሪም፣ በግም ነው፤ መኪናው ነው ፈቃድ ጠይቆ የሚያልፈው። «ሰዉ የት ሄደ?» ስለው፣ «ሁሉም ድራይቭ ያደርጋል እኮ» አለኝ። ዛፉ በሙሉ ቅጠሉን እያረገፈ ነበር፤ ቀይና ቡናማ ቅጠል በመንገዱ ላይ ይንከባለላል። ከሰው ይልቅ የሚንቀሳቀሰው ቅጠል ነው።

የሚኖረው ፓይን ሌክ በሚባል ስፍራ ነው፤ ከተማ ይሉታል እንጂ በአንዲት ትንሽ ኩሬ ዙሪያ የተሰባሰቡ የእንጨት ቤቶች ናቸው። አጥር የላቸውም። አጥር የሌለው ቤት ውስጥ መተኛት ጭንቅ ነው፤ ሌሊቱን በሩን ሁለት ጊዜ ተነሥቼ አየሁት። የቤቱ ባለቤት ሚስ ሩት የሚባሉ ሰባ ዓመት ያለፋቸው ባልቴት ናቸው፤ እሳቸው ከላይ፣ መስፍን ከታች።

እሁድ

ጠዋት ሚስ ሩት የራሳቸውን ሰማያዊ ቀሚስ ይዘው ወረዱ። ሻንጣዋ ጠፋ ሲባል ሰምተው ነው። ቀሚሱ እንደኔ ያሉ ሁለት ሴቶች ይይዛል። «መስፍን፣ መርፌ ስጠኝ፤ ከጎኑ ልያዘው» አልኩት።

«መርፌ የለኝም።»

«ሰፊ ሆነህ መርፌ የለህም?»

«ሱቅ ነው ያለው» አለና ውሃ ሊቀዳ ተነሣ። መርፌውንም ክሩንም ሚስ ሩት አመጡልኝ። ጎንና ጎኑን ይዤ ስለብሰው ሴትዮዋ እጃቸውን አጨበጨቡ። ከዚያ ወደ ላይ ወስደው አበሉን። ነጭ የበቆሎ ገንፎ ነው፤ ቅቤና ጨው ጣል አድርገውበታል። ገንፎ አሜሪካን አገር አገኛለሁ ብዬ አላሰብኩም ነበር። ሁለት ጊዜ አስጨመርኩ።

ከቁርስ በኋላ ሱቁን ሊያሳየኝ ታከር ወደሚባለው ሰፈር ወሰደኝ። ሰፊ የመኪና ማቆሚያ አለ፤ ከበስተኋላው አንድ ረጅም ባለ አንድ ፎቅ ቤት እንደ ባቡር ፉርጎ ተከፋፍሎ ሱቅ ሆኗል። ጎማ መጠገኛ፣ የሴቶች ጸጉር ቤት፣ ከዚያ የኛ። ሲከፍተው የዓሣ ሽታ ተቀበለን። ወለሉን ሦስት ጊዜ በበረኪና እንዳጠበው ነገረኝ። ውስጥ ሁለት የስፌት መኪና፣ ሁለት ወንበር፣ ሁለት መብራት። መኪኖቹ ያገለገሉ ቢሆኑም ደህና ናቸው፤ የማኅበራችን ሴቶች ቢያዩአቸው ይጣሉባቸው ነበር። መሬት ላይ የተጋደመውን ማስታወቂያ አቃናልኝና ፊደል በፊደል አነበብኩት፤ «እህትና ወንድም፣ ልብስ ማስተካከያ» ይላል በእንግሊዝኛ።

እንባዬ መጣ። ለክብሬ ያደረገው መሰለኝ።

«ሁለተኛው ወንበር የማን ነው?» ብዬ ጠየቅሁት።

«ሰው ሃየር አደርጋለሁ» አለ፤ እቀጥራለሁ ማለቱ ነው፤ ፊቱን ግን ወደ መስኮቱ አዞረ።

ሰኞ

የንግድ ስሙን ለማስመዝገብ ዲኬተር ከተማ ወደሚገኘው ፍርድ ቤት ሄድን። የሚስ ሩትን ቀሚስ ለብሻለሁ፤ ሻንጣዬ አሁንም የለም። እኛ ዘንድ ለንግድ ፈቃድ የሚሄድ ሰው የቀበሌ ደብዳቤ፣ የግብር ክሊራንስ፣ ከአምስት ቢሮ ማኅተም፣ ከዚያም ስንት ቀን መመላለስ አለበት። እዚህ አንዲት ሴት መስኮት ላይ ተቀምጣ ነበር፤ ወፍራም መነጽር ያደረገች፣ ፊቷ ፈታ ያለ። ከፊታችን ሁለት ሰው ብቻ። መስፍን ወረቀቱን ቤት ሞልቶት ስለነበር ሰጣት። አንብባ ስትጨርስ አንድ ነገር አለችው። ግራ እጁን አነሣ። ራሷን ነቀነቀችና ደግማ ነገረችው።

«ምን አለችህ?»

«ማል እያለችኝ ነው። የጻፍኩት እውነት ነው ብዬ። በቀኝ እጅህ ነው ይላሉ።»

«ታዲያ አንሣዋ።»

ቀኝ እጁን ከኪሱ አወጣ።

ሌባ ጣቱና የመሐል ጣቱ የሉም። አውራ ጣቱ ደረቅ እንጨት መስሎ ወደ ውስጥ ታጥፏል፤ መዳፉ ላይ ያለው ቆዳ እንደ ተኮማተረ ላስቲክ ያብለጨልጫል። እጁን ከትከሻው ከፍ አድርጎ ይዞ የሴትዮዋን ቃል እየተከተለ ማለ። ያንን እጅ እኔ ነኝ ጣት በጣት ይዤ መርፌ ያስያዝኩት።

እሱ ሲጨርስ ሴትዮዋ ወደኔ ዞረችና እኔም እጄን እንዳነሣ በምልክት አሳየችኝ።

«እኔ ለምን?»

ወረቀቱን ሳብ አድርጌ አየሁት። እንግሊዝኛ ብዙ አላውቅም፤ ስሜን ግን ከፓስፖርቴ ላይ አውቀዋለሁ። ከመስፍን ስም ሥር ተጽፏል።

«ይሄ ስሜ እዚህ ምን ይሠራል?»

«ፓርትነር ነሽ፣ ሸሪክ። ፎርማሊቲ ነው እትዬ፣ ዝም ብለሽ ሳይን አድርጊ። ሰው እየጠበቀን ነው።»

አልፈርምም አልኩ። ሴትዮዋ አንዴ እሱን፣ አንዴ እኔን አየች፤ ወረቀቱን ቀስ ብላ መለሰችለትና በሌላ ቀን ኑ አለችን። ወጥተን ደረጃው ላይ ተቀመጥን። ነፋሱ ብርድ ነበረው።

«እጅህን ምን ነካው?»

የሆቴል ልብስ ማጠቢያ ክፍል ይሠራ እንደነበር፣ አንሶላ የሚተኩሰው ትልቅ ማሽን ጨርቅ ሲጎትት እጁን አብሮ እንዳስገባበት፣ ከዓመት ከመንፈቅ በፊት መሆኑን ነገረኝ። ሱቁን የተከራየው፣ መኪኖቹንም የገዛው በካሣው ነው። ያን ጊዜ ሁሉ ደብዳቤ ሲጽፍልኝ አንድ ቀን አልነገረኝም። የእጅ ጽሑፉ ሲበላሽበት በታይፕ ነበር የሚልክልኝ፤ እኔ ዘመናዊ ሆነ ብዬ ለጎረቤት አሳይ ነበር።

«እኔ መቀስ መያዝ አልችልም» አለ። «ከስፌት ሌላ ደግሞ ሞያ የለኝም። አንቺ ካለሽ ግን ሱቁ ይሠራል። እኔ ከከስተመር ጋር አወራለሁ፣ አንቺ ትሠሪያለሽ። እዚያ ምን አለሽ እትዬ? ባል የለሽ፣ ልጅ የለሽ።»

«ግርማ አለ።»

«ግርማ ማነው?»

«ዋሴ ነው።»

ነገርኩት። ሰምቶ ሲያበቃ፣ «ለሱ ደግሞ ከዚህ ገንዘብ እንልክለታለን» አለ። ይህን ሲል ያሳደግሁትን ልጅ አጣሁት። ተነሥቼ ወደ መኪናው ሄድኩ።

ማክሰኞ

መስፍን ሳይሰናበተኝ ወደ ሥራው ሄደ። ከጉዳቱ ወዲህ መሐል ከተማ መኪና ማቆሚያ ውስጥ፣ የመስታወት ቤት ውስጥ ተቀምጦ ቲኬት ይሰጣል። ቀኑን ሙሉ ዘነበ። ሚስ ሩት መጥተው ከጎኔ ተቀመጡ። ቋንቋ የለንም። እሳቸው ቀኝ እጃቸውን በሻሽ እንደሚጠቀልሉ አድርገው አሳዩኝ፤ ከዚያ መሪ እንደያዘ ሰው ወዲህና ወዲያ አሉ፤ ከዚያ በጣታቸው ብዙ፣ ብዙ ጊዜ ብለው ቆጠሩ። ሐኪም ቤት ያመላለሱት፣ ቁስሉን ያጠቡለት እሳቸው ናቸው። ብድግ ብዬ ጉልበታቸውን ልስም ስል ደንግጠው ያዙኝ።

ከሰዓት በኋላ ሻንጣዬ መጣ። ዝናብ ገብቶበት ለመስፍን ያመጣሁት በሶ ሊጥ ሆኗል።

ረቡዕ

መስፍን አንድ ሽማግሌ ይዞ መጣ፤ ጋሽ ኃይሉ ይባላሉ። ደሴ መምህር ነበሩ፤ አሁን ታክሲ ይነዳሉ። በዚያ አካባቢ ያለ ሐበሻ ወረቀት ሁሉ በእጃቸው ያልፋል፤ ፎርም ይሞላሉ፣ ያስተረጉማሉ፣ ያስታርቃሉ። ኮታቸውን ሳያወልቁ ተቀመጡ።

«ወይዘሮ ዘነበች፣ እንኳን ደህና መጡ። ነገሩን መስፍን ነግሮኛል። እኔ ከመጀመሪያውም አይሆንም ብዬው ነበር። እርስዎ በጉብኝት ቪዛ የመጡ ሰው ነዎት፤ መሥራት አይችሉም። እሱ ያሰበው ቪዛው ሲያልቅ ጥገኝነት እንዲጠይቁ ነው።»

«እኔ የምቀር ሰው አይደለሁም፣ ጋሽ ኃይሉ። ሰው ዋስ ሆኖኛል።»

መነጽራቸውን አውልቀው በመሐረብ ጠረጉት። ብዙ ጠረጉት።

«እኔም ሰው ዋስ ሆኖኝ ነው የወጣሁት» አሉ በመጨረሻ። «ለስድስት ወር ትምህርት። አብሮኝ የሚያስተምር ሰው ነበር። እኔ ቀረሁ። እሱ ሁለት ዓመት ታሰረ፤ ሲፈታም ወደ ሥራው አልመለሱትም።»

መስፍን ይህን ሰምቶ አያውቅም ኖሯል፤ ቀና ብሎ አያቸው።

«አሁን እንዴት ናቸው?» አልኩ።

«በየዓመቱ እጽፍለታለሁ። ገንዘብም ልኬ ነበር፤ ገንዘቡ ተመልሶ መጣ። ደብዳቤው አይመለስም፤ መልስም የለውም።» ከዚያ ወደ ወንድሜ ዞሩ። «መስፍን፣ ስሟን ከወረቀቱ ላይ አውጣ።»

መስፍን ተነሥቶ ወደ ውጭ ወጣ። በመስኮት አየሁት፤ ኩሬው ዳር ቆሞ ነበር። ሲመለስ ጫማው በጭቃ ተለውሷል። «ነገ ዴይ ኦፍ ነኝ፤ ሥራ የለኝም፤ እንሄዳለን» አለ። ከዚያ ወዲያ ስለ ግርማ ገንዘብ ደግሞ አላነሣም።

ሐሙስ

ያችው ሴት መስኮቱ ላይ ነበረች፤ አወቀችን። አዲሱ ወረቀት ላይ የእሱ ስም ብቻ ነው ያለው። ማል ከማለቷ በፊት አንድ ነገር ተናገረች። የተመቸህን እጅ አንሣ ማለቷ ነው፣ አለኝ መስፍን። እሱ ቀኙን አነሣ።

የሱቁ ስም ግን አልተለወጠም። «እህትህ የት አለች ቢሉህ ምን ትላለህ?» ስለው፣ «አለች እላለኋ» አለ። ስሙ በጋዜጣ ሁለት ሳምንት መውጣት አለበት፤ ሰው ሁሉ እንዲያውቀው ሕጉ ያዛል። ከዚያ ወደ ሌላ ሕንጻ፣ እንደኛ ወረዳ ያለ ካውንቲ የሚሉት አለ፣ ወደ እሱ የፈቃድ ቢሮ ሄድን። እዚያ ስንት ሠራተኛ አለህ ይላል ፎርሙ። መስፍን እስክሪብቶውን ይዞ ቆየና «አንድ» ብሎ ጻፈ። ፈቃዱ የሚሰጠው የእሳት አደጋ ሠራተኛ ሱቁን አይቶ ሲፈቅድ ነው ተባልን።

ማኅተም የሚባል ነገር ያየሁት አንድ ብቻ ነው። ቀላልነቱ አስፈራኝ። እኛ ዘንድ በየቢሮው ከሚያንገላቱህ መሐል አንዱ እንኳ፣ «ሰውዬ፣ ይህን ሥራ በምን እጅህ ልትሠራው ነው?» ብሎ ይጠይቃል። እዚያ ማንም አልጠየቀውም።

ሁለተኛው ሳምንት

ከዚያ በኋላ ያሉትን ቀኖች ለይቼ አላስታውሳቸውም፤ ተመሳስለውብኛል። መስፍን ከሥራው የአንድ ሳምንት ፈቃድ ወስዶ ጠዋት ሱቅ እንገባለን፣ ሲመሽ እንወጣለን። በግራ እጁ እንዲሠራ ላስተምረው ነበር የቆረጥኩት። የተለመደው መቀስ በግራ እጅ ጨርቁን ያኝካል እንጂ አይቆርጥም። ለግራኞች የተሠራ መቀስ እንዳለ ሚስ ሩት ነገሩን፤ ጋሽ ኃይሉ ታክሲያቸውን አቁመው ሊያፈላልጉልን ተነሡ። አራት ሱቅ ዞረን በመጨረሻ ከከተማው ወዲያ ማዶ፣ ስማይርና የሚባል ስፍራ አገኘን። ጋሽ ኃይሉ ቤንዚን እንኳ አላስቀዱንም።

መጀመሪያ አሮጌ አንሶላ አስቆረጥኩት። ከዚያ ቀጥ ያለ ስፌት። የስፌት መኪናው ላይ ደህና ነው፤ ጨርቁን በቀሩት ሁለት ጣቶቹ ይገፋዋል። ችግሩ የእጅ ሥራው ነው። የሱሪ እግር መዘምዘም፣ ቁልፍ መትከል፣ የኮት ገበር መያዝ። መርፌ በግራው ይይዛል፣ በቀኙ ጨርቁን መያዝ አለበት፤ ያ ደረቅ አውራ ጣት አይታዘዝም። ረቡዕ ዕለት አንድ የሱሪ እግር አምስት ጊዜ ፈትቶ አምስት ጊዜ ሰፋ። አምስተኛው ላይ ሱሪውን ግድግዳ ላይ ወረወረው።

«አየሽ? አየሽ እትዬ? ይሄን ነው ልከፍት የነበረው!»

አንሥቼ አቧራውን አራገፍኩና ጭኑ ላይ መለስኩለት። ሌላ የማደርገው አልነበረኝም። ስድስተኛው ከአምስተኛው አልተሻለም።

የእሳት አደጋ ሠራተኛው የመጣው በማግሥቱ ነው፤ ረጅም፣ ትሑት ሰው። የጓሮውን በር ከፍቼ ልውጣ ቢል አልከፈት አለው። ከዓሣ ቤቱ ዘመን ጀምሮ በበረዶ ሳጥን ታፍኖ ኖሯል። ሣጥኑ ሳይነሣ አይፈቀድም አለ። መስፍንና እኔ ብንገፋው አልነቃነቅ አለ። ጸጉር ቤት ያሉት ሴቶች ድምፁን ሰምተው መጡ፣ አንዷ ከነጸጉር መጠቅለያዋ፤ አብረውን ገፉ፤ ወጣ። እነዚያ ሴቶች ስማችንን እንኳ አያውቁም ነበር። ሠራተኛው መኪናው ውስጥ ሆኖ ጠብቆን ነበርና ተመልሶ ገብቶ ፈረመ። ፈቃዱን ለማውጣት የካውንቲው ቢሮ ሊዘጋ ጥቂት ደቂቃ ሲቀረው ደረስን።

ዓርብ

ሱቁ በጠዋት ሦስት ሰዓት ተከፈተ። መረቅሁት። ጋሽ ኃይሉ ዳቦ ይዘው መጡ፤ ሚስ ሩት አበባ። ቆሞ የሚያጨበጭብ ሌላ ሰው አልነበረም። ከዚያ ሁለቱም ሄዱና መስፍንና እኔ ተቀመጥን። ሁለቱ መብራት በርቷል። እስከ ስድስት ሰዓት ማንም አልመጣም።

ከቀትር በኋላ አንድ ጠና ያሉ ጥቁር አሜሪካዊ ጥቁር ሙሉ ልብስ በክንዳቸው ይዘው ገቡ። በማግሥቱ ወንድማቸውን ይቀብራሉ። ልብሱ የራሱ የሟቹ ነው፤ እሳቸው አጠር ስለሚሉ እንዲስተካከልላቸው ነው የፈለጉት። መስፍን ልካቸውን ወሰደ፤ በደንብ ወሰደ። ሰውዬው እጁን አይተው እንዳላዩ ሆኑ። ወንበር ላይ ተቀምጠው ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ጠበቁ።

መስፍን አንዱን እግር ለመጨረስ ሁለት ሰዓት ሙሉ ፈጀበት። ጠማማ ነው። ግንባሩ ላይ ላብ ይወርዳል። ሰውዬው ሰዓታቸውን አይመለከቱም፤ ወለሉን ነው የሚመለከቱት። አልቻልኩም። ከእጁ ወሰድኩና ፈታሁት፤ ሁለቱንም እግር፣ እጅጌውንም ጭምር አስተካክዬ፣ ተኩሼ ሰጠሁ። ግማሽ ሰዓት አልፈጀብኝም። ሰውዬው ለብሰው መስታወት ፊት ቆሙና እጄን በሁለት እጃቸው ያዙ። ለቤተ ክርስቲያናቸው ሰዎች ሁሉ እነግራለሁ አሉ፤ መስፍን ነው ያስተረጎመልኝ።

ከሄዱ በኋላ፣ «አንቺ ባትነኪው ይሻል ነበር» አለኝ።

«ነገ ቀብር አለባቸው እኮ።»

«አውቃለሁ። አውቃለሁ እትዬ።»

እስከ መዝጊያው ሰዓት ሌላ ሰው አልመጣም።

ቅዳሜ

አውሮፕላኔ ረፋድ ላይ ነው። ሚስ ሩት ሰማያዊውን ቀሚስ አጥፈው ሻንጣዬ ውስጥ ከተቱት። መስፍን አየር ማረፊያው በር ላይ አቆመና ሻንጣዬን አወረደ። ከውስጥ አብሮኝ እንዲገባ ጠብቄ ነበር።

«ሱቅ መክፈት አለብኝ» አለ። «ሦስት ሰዓት ይላል በሩ ላይ።»

ሰማሁና ኮራሁበትም፣ ከፋኝም። አቀፈኝ፤ በሁለት እጁ። ቀኙ ጀርባዬ ላይ ሲያርፍ ቀላል ነበር፤ የሕፃን እጅ ያህል። ከዚያ መኪናው ውስጥ ገብቶ ሄደ።

ከተመለስኩ በኋላ

ናዝሬት በገባሁ ማግሥት ማኅበሩ ግቢ ስደርስ ግርማ ጠረጴዛው ላይ ጎንበስ ብሎ ጨርቅ ይቆርጣል። ሚስቱ በኋላ እንደ ነገረችኝ ያን አሥራ አምስት ቀን እህል በደንብ አልበላም። ሲያየኝ መቀሱን አስቀመጠና፣ «መጣሽ?» አለ። ከዚያ መቁረጡን ቀጠለ።

የመስፍን የመጀመሪያ ደብዳቤ የጋዜጣ ቁራጭ ብቻ የያዘ ነበር፤ የሱቁ ስምና የእሱ ስም። ሁለተኛው የመጣው ከፋሲካ በኋላ ነው። ሱቁን ዘግቶታል። እኚያ ወንድማቸውን የቀበሩት ሰው እንዳሉት አደረጉ፤ የቤተ ክርስቲያናቸው ሰዎች ኮትና ሱሪ፣ የሙሽራ ቀሚስ ጭምር ይዘው መጡ። «ሥራ አጥቼ አይደለም እትዬ» ይላል። «ሥራው መጣ። ያቺን የዓርቧን ሴት እጅ ፈልገው ነው የሚመጡት። የእኔን ሲያዩ በትሕትና ይወስዱና አይመለሱም። አንዳንዱን ሳልነካው መለስኩ። ሰው ልቀጥር ብልም ባለሞያ በእኔ አቅም አይቀጠርም። ወደ መኪና ማቆሚያው ተመልሻለሁ። ደህና ነኝ። አልፈረድኩብሽም።»

ደብዳቤውን ያነበብኩት ሥራ ቦታ ነው። ግርማ ከጠረጴዛው ማዶ ሆኖ ፊቴን አይቶ ኖሯል።

«የወንድምሽ ነው? ሱቁ እንዴት ሆነለት?» አለኝ።

ወረቀቱን አጥፌ ደረቴ ውስጥ ከተትኩት።

«ደህና ነው» አልኩት። «ገበያው ደርቶለታል።»

«እሰይ» አለ ግርማ፤ ከልቡ ነው ያለው። ቀኑን ሙሉ እያፏጨ ሲቆርጥ ዋለ።